ሊቀ ቋጠሮ አያ ውባየሁ

ሰው ተሰብስቦ በእጁ የሚሠራበት ቦታ ሁሉ አንድ «ይደገም» ባይ አያጣም። አናጺዎች ዘንድ አለ፣ ልብስ ሰፊዎች ዘንድ አለ፣ መቃብር ቆፋሪዎች ዘንድ እንኳ አለ። ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ላይ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ሊቀ ቋጠሮ አያ ውባየሁ ናቸው።

ማዕረጉን የሰጠቻቸው ዳሊያ ናት። የገዳሪፍ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ካርቱም ሥዕል ተምራ እዚያው ስትሠራ ጦርነቱ የሥራ ክፍሏን ከነሥራዎቿ አቃጥሎ ወደ አባቷ ቤት መለሳት። የአሁኑ ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያ ሥራዋ ነው፤ ይህም ካልሆነ ዳግም ላትሞክር ምላለች። ሐሳቡ ቀላል ነው። በአንድ ባዶ መጋዘን ውስጥ የሰሊጥ ነዶ እንደ ሰው ተደርድሮ ይቆማል። እያንዳንዱ ነዶ ድንበር አጠገብ ወዳለው የቁረይሻ እርሻ ወርዶ ያልተመለሰ አንድ ሠራተኛ ነው። ሁሉም በእጅ፣ በአንድ ዓይነት አስተሳሰር ይታሰራል፤ ለዚህም ነዶ ማሰር የሚያውቁትን አያ ውባየሁን ይዛለች። ተመልካች ሲመላለስ ፍሬው በራሱ ጊዜ እየረገፈ ወለሉን ያለብሰዋል።

የነዶ አስተሳሰር ራሱ ቢያዩት የማይጠገብ ነገር ነው! ገመድ አይፈልግም፤ ማሰሪያው እርጥብ የሰሊጥ አገዳ ነው። ተጠምዝዞ ይዞራል፣ ጫፉ በራሱ ሥር ይሾልካል። ነዶው ሲደርቅ ስለሚኮሰምን ዛሬ የጠበቀው በሳምንቱ ይላላል። ስለዚህ ጎበዝ አሳሪ የሚያስረው ለመጪው ሳምንት ነው። አያ ውባየሁ ግን የሚያስሩት ለምጽአት ቀን ነው።

«ላልቷል! ይፈታና ይደገም!»

የሌላውን ያስፈታሉ፤ የራሳቸውን ያስራሉ፣ ራቅ ብለው ያያሉ፣ ተመልሰው ይፈታሉ። ከስደተኞች ጣቢያ እየመጣች አብራ የምታስረው ለተሰንበት አንድ ቀን አላስቻላትም።

«አንተ ሰውዬ፣ ስትወለድ እትብትህንም ሳታስደግም አልቀረህም!»

«ብችልማ አስደግም ነበር» አሉ፣ አገዳ እየጠመዘዙ።

«ኸላስ፣ ይብቃ አያ!» አለች ዳሊያ። «ሰው እኮ ልዩነቱን አያየውም።»

«ሰው ባያየው ነፋስ ያየዋል።»

ዳሊያ ልትቆጣቸው ይዳዳትና ትተወዋለች። ታናሽ ወንድማቸው ምንይችል ቁረይሻ ለአጨዳ እንደወረደ ተኩስ ተነሣ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። ከነዶዎቹ አንዱ የእሱ ነው።

ዐውደ ርእዩ በሚከፈትበት ቀን ጠዋት ዳሊያ መጣች። ነዶዎቹ ሁሉ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ቅርፊታቸው ግን ባዶ ነው። አጠገባቸው ሸራ ላይ ነጭ የሰሊጥ ክምር አለ፤ አያ ውባየሁ በሰፌድ ያበጥራሉ።

«ምን አደረጉኝ፣ አያ? ወላሂ ገደሉኝ!»

«አራገፍኩልሽ። ነዶዎቹ የሞቱት ሰዎች ናቸው አላልሽም?»

«ብያለሁ!»

«ሰውስ ዛሬ ይመጣ የለም?»

«ይመጣል!»

«ታዲያ ሙታኑን አቁመሽ፣ ሰውን ጠርተሽ፣ ተዝካራቸውን በባዶ እጅሽ ልታወጪ ኖሯል?»

ደጅ ላይ ለተሰንበት ንፍሮ ጥዳለች፤ የሚነሰነስበትን ሰሊጥ ትቆላለች። ዳሊያ ወለሉ ላይ ዘፍ አለች። የሚረግፍ ነገር አልቀረላትም። የምትጮኽበት ሰበብ ፍለጋ ነዶዎቹን አንድ በአንድ አየች፤ ከተራገፉ በኋላ ሁሉም ተፈትተው እንደገና ታስረዋል። አንድም የላላ የለም።

ጥግ ላይ ግን አንዱ ፍሬውን እንደያዘ ቆሟል።

«ይኸኛውን ረስተውታል» አለች በምሬት።

«አልረሳሁትም። የምንይችል ነው።» ሰፌዱን አስቀመጡ። «ሲሞት ያየ የለም። መርዶው ላልመጣ ሰው ተዝካር አይወጣም።»

ዳሊያ ተነሥታ ወደ ጥጉ ሄደች። ቋጠሮውን በጣቷ ዳሰሰችው። በመጋዘኑ ውስጥ እንደሱ የጠበቀ አልነበረም።

«ላልቷል፣ አያ» አለች። «ይፈታና ይደገም።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያም አጠገቧ ተንበርክከው፣ ፍሬው እንዳይረግፍ ቀስ ብለው መፍታት ጀመሩ።