የአክስት ኔሪስ የጫማ ችሎት

በተራራ ሥር የተቆረቆረ መንደር ሁሉ ማንም ያልሾመው አንድ የጫማ ዳኛ አያጣም። በዌልስ ኤሪሪ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለችው የእኛ መንደር ዳኛ ክብርት አክስት ኔሪስ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት ነው፤ ችሎት የሚሰየሙት ከጸሎት ቤቱ አጥር ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው።

እንግዳ ሲመጣ ፊቱን አያዩም፤ ዓይናቸው በቀጥታ እግሩ ላይ ነው። «በዚህ ጫማ?» ይላሉ። «በዚህ ጫማ እኔ ወተት ልገዛም አልወጣም!» አንድ የለንደን ጠበቃ ጫማውን ከየት አገር እንዳስመጣው ሊያስረዳቸው ሞከረ። «ተራራው ይህን አያውቅማ፣ የኔ ልጅ» አሉት። ሰውዬው ተራራውን ትቶ ከነቤተሰቡ መኪናው ውስጥ ሲያዛጋ ዋለ። እኔ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ፤ በእሳቸው ፍርድ ስንት ደንበኛ እንደተቀየመኝ የማውቀው እኔ ነኝ።

ይባስ ብለው የወጣውንና የወረደውን ይቆጥራሉ። የወጣው ሁሉ ካልወረደ ከወንበሩ ንቅንቅ የለም። አምና «አንድ ሰው ቀርቷል» ብለው የነፍስ አድን ቡድኑን አስጠሩ። ቡድኑ ማለት እኛው ነን። ሥጋ ሻጩ ግዊንቮር ሱቁን ዘጋ፤ ፀጉር አስተካካዩ ኤልቬድ ግማሽ ራሱ የተላጨ ደንበኛ ወንበር ላይ ትቶ ወጣ። ሦስት ሰዓት ሙሉ በዝናብ ስንበሰብስ ቆየን። ጠፋ የተባለው ሰው በወዲያኛው በኩል ወርዶ፣ መጠጥ ቤት ውስጥ የበግ ሾርባውን ሲጠጣ ተገኘ።

ስለዚህ ባለፈው መስከረም፣ ጉም በወረደበት ከሰዓት በኋላ፣ «ነጭ ሸራ ጫማ ያደረገችው ልጅ አልወረደችም» ብለው ሥጋ ቤቱ ሲገቡ ግዊንቮር ቢላውን እንኳ አላስቀመጠም።

«አክስት ኔሪስ፣ መጠጥ ቤቱን አይተዋል?»

«አይቻለሁ።»

«ሽንት ቤቱንስ?»

እዚያ የነበርነው ሁሉ ሳቅን። እሳቸው ግን አጎንብሰው የቦት ጫማቸውን ክር አጠበቁና ምርኩዛቸውን ይዘው ሽቅብ ወደ ተራራው አቀኑ።

«ኧረ አስቁሟቸው! የምራቸውን ነው!» አለ ግዊንቮር፣ ሽርጡን እየፈታ።

ሰባት ሆነን እየሮጥን አለፍናቸው። ልጅቷን ከላይኛው የድንጋይ ካብ ሥር አገኘናት፤ ቁርጭምጭሚቷ አብጧል፣ አፏ በብርድ ተሳስሯል። ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ ምን እንደምናገኝ ማሰብ አልፈልግም። ተሸክመን ስናወርዳት አክስት ኔሪስ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። «አላልኳችሁም?» ይሉናል ብለን አንገታችንን ደፋን። እሳቸው ግን በጣታቸው እየጠቆሙ ቆጠሩን።

«ሰባት ወጣችሁ፣ ስምንት ወረዳችሁ። በሉ ወደ ቤት!»

ሚስቴ ከሞተች አራት ዓመት ሆናት። ድሮ ከውሻዬ ጋር ተራራ ስወጣ ከአክስት ኔሪስ ምርመራ ለማምለጥ በወንዙ በኩል እሾልክ ነበር። አሁን ዙሪያ ጥምጥም ሄጄም ቢሆን በፊታቸው አልፋለሁ። ስመለስ ቀና ብለው «መጣህ?» ይሉኛል። ቤቴ ውስጥ እንዲህ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው የለም።