የጋሽ ራዲያተር ሚኒባስ

ሳይጠየቅ ምክር የሚሰጥ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ፣ ገና ሰው አልገባበትም ማለት ነው። ልብስ ሰፊዋም ከዚህ ዕጣ ድርሻዋ ደርሷታል፤ ግድግዳ ለግድግዳ የሚጎራበቷት ክቡር ጋሽ ራዲያተር ናቸው።

ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ ወጡ፤ መሪውን ለቀቁ እንጂ መንዳቱን አልተዉም። አሁን የሚነዱት ፊቱ በመጥበሻ የተመታ የሚመስል፣ አፍንጫው ወደ ውስጥ የሸሸ፣ ቆሞም ተኝቶም የሚያንኮራፋ ውሻ ነው። ከፊት ዝርግ ስለሆነ ስሙን ሚኒባስ ብለውታል።

“ራዲያተሩ አጭር ነው!” ይላሉ ላለፈ ላገደመው ሁሉ። “አፍንጫ ያለው ውሻ አለክልኮ ሙቀቱን ያወጣል። ይሄ ምስኪን በየት ያውጣው? ሞተሩ ይፈላል!”

በጋ ሲበረታማ አይቻሉም። በራቸው ላይ የስምሪት ሰሌዳ ይለጠፋል፦ “ንጋትና ምሽት ጉዞ፤ በመካከል ጋራዥ።” ሊወጡ ሲሉ ተንበርክከው መዳፋቸውን አስፋልቱ ላይ ያደርጉና እስከ አሥር ይቆጥራሉ። ካቃጠላቸው ጉዞው ተሰረዘ፤ ካላቃጠላቸውም ጥላ ጥላውን ብቻ ነው የሚነዱት። አዲስ የገባች ተከራይ የሚጸልዩ መስሏት በእግር ጣቷ እየረገጠች አልፋለች።

ባለሱቁ አንዴ ብስኩት ቢወረውርለት “ትርፍ ጭነት!” ብለው በመንገደኛ ፊት አዋረዱት። ትንፋሽ ያንቃል ብለው የአንገት ማሰሪያ የሚባል ነገርማ አይነሣባቸው። በደረት የሚታሰር ቀበቶ ልብስ ሰፊዋን ሦስት ጊዜ አሰፏት፤ ሦስቴም አስፈቷት።

“ጋሼ፣ የሙሽራ ቀሚስ እንኳ እንዲህ አላስቸገረኝም።”

“ሙሽራ አፍንጫ አላት፣ ልጄ።”

አንድ ቀን ዓይናቸውን ሊታዩ ሲሄዱ ሚኒባስን አደራ አሏት፤ ከአርባ መመሪያ ጋር። እሷም የስፌት መኪናዋን እየረገጠች “እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ” አለች። እኩለ ቀን ላይ ክር አለቀባት። ሱቁ ከዳገቱ ሥር ነው። “ለአንድ ጥቅል ክር ምን ይሆናል?” አለችና ውሻውን አስከትላ ወጣች። ባለሱቁም የክቡርነታቸውን አለመኖር አይቶ ግማሽ ብስኩት አቀመሰው።

ሲመለሱ ሚኒባስ ዳገቱ መሃል ላይ ተዘረጋ። ምላሱ ጠቁሯል፤ ትንፋሹ እንደ መጋዝ ይጮኻል። አቅፋው እየሮጠች ቤቷ አስገባችው። ባለሱቁ በረዶ የሞላ ባልዲ ይዞ ከኋላዋ ደረሰ።

“እዚህ ውስጥ ንከሪው!”

“ተው! የፈላ ሞተር ላይ በረዶ አይደፋም!” ብላ ጮኸች፤ ጮኻም በገዛ አፏ ደነገጠች። አልሰማሁም ያለችው አርባ መመሪያ፣ ለካ አንድም ሳይጎድል ጭንቅላቷ ውስጥ ተሰልፎ ነበር። የቧንቧ ውኃ በሆዱና በመዳፎቹ ላይ አፈሰሰች፣ ማራገቢያውን ደገነችበት፣ ትንሽ መለስ ሲልለት በታክሲ ወደ እንስሳት ሐኪም ከነፈች።

“ትንሽ ብትዘገዪ አልቆለት ነበር” አላት ሐኪሙ። “ማን አስተማረሽ?”

“ሹፌር።”

አመሻሽ ላይ ለጋሽ ራዲያተር ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የክሩንም ነገር ሳትደብቅ። ዛሬስ ስብከቱ አያልቅም ብላ አንገቷን ደፍታ ጠበቀች። እሳቸው ግን ተንበርክከው መዳፋቸውን የሚኒባስ ደረት ላይ አደረጉና መቁጠር ጀመሩ። አሥር አለፈ፤ ሃያም አለፈ። እኚህን ሰው ዝም ብለው አይታቸው ስለማታውቅ ፈራች።

“ጋሼ፣ ኧረ ይቆጡኝ።”

መቁጠራቸውን ቀጠሉ።

“ብስኩትም በልቷል” አለች፣ ሌላ ብልሃት ብታጣ። “ግማሽ።”

ቀና አሉ። “ግማሽ? በዚያ ሙቀት? ትርፍ ጭነት ጭነሽ ነው ዳገት ያስወጣሽው?”

ሞተሩ ተነሣ። ስለ ራዲያተሩ፣ ስለ አስፋልቱ፣ ስለ አንገት ማሰሪያው፣ እሷ በቃሏ የምታውቀውን ሁሉ ከሀ ጀምረው አወረዱት። የስፌት መኪናዋን ሳትነካ አዳመጠች። ሚኒባስ እግሯ ሥር ያንኮራፋል። ውጭው ሲጨልም ድምፃቸው ቀዝቀዝ አለ፤ ሊጨርሱ ነው።

“የጥላውስ ነገር እንዴት ነበር፣ ጋሼ?” አለቻቸው።