የማላውቃት ሴት ለቅሶ

ሥዕል ገብቶኛል የሚል ሰው ሚስት ለማግባት አይቸኩል። ከእኔ ተማሩ።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምኖር ወንደላጤ ነኝ። ለፍቅረኛዬ ለሰናይት ሽማግሌ ብልክ፣ ቃሊቲ ጎማ የሚሸጡት አባቷ ጋሽ ንጋቱ «ልጄ የምትገባበትን ቤት በዓይኔ ሳላይ መልስ የለኝም» አሉ። ቤቴ ደግሞ ከፍራሽና ከሁለት ወንበር በቀር ምን አለው? ለግርማ ሞገስ ብዬ ትልቅ ሥዕል ገዛሁ። ባሮክ በሚሉት የድሮ የአውሮፓ ሥዕል ዘመን የተሣለች፣ ጥቁር የለበሰች፣ ግማሽ ፊቷ በጨለማ የተዋጠ ፈረንጅ ሴትዮ ናት። ቀለበት ባጠለቀ እጇ የጠወለገ አበባ ይዛለች።

ጋሽ ንጋቱ በሚመጡበት ቀን ግድግዳው ምስማር አልቀበል አለኝ። ሦስት ካጣመምኩ በኋላ ሥዕሉን በሩ ፊት ለፊት ወንበር ላይ አቆምኩት። መብራት እንደ ልማዱ ጠፍቷል፤ ቤቱም ጨለም ስላለ አጠገቡ ሻማ ለኮስኩ። እናንተ ገብቷችኋል... እኔ የት ገብቶኝ!

ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች በኮሪደሩ ሲያልፉ ቀጥ ብለው ቆሙ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡና ፍራሹ ላይ ተቀመጡ። ለሥዕል እንዲህ ክብር የሚሰጥ ጎረቤት በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ማስረዳት ጀመርኩ።

«ብርሃኑን ይመልከቱት እትዬ። ከጨለማ ወደ ብርሃን እየተሻገረች ነው። አበባው ደግሞ ሳይጠገብ የሚረግፍ ዕድሜ ማለት ነው።»

እትዬ ዘነበች ደረታቸውን ደቁ። ለቅሷቸው አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሰማ። ወዲያው ቤቱ በሰው ሞላ፤ የእድሩ አግዳሚ ወንበር መጣ።

«ኧረ እኔ አላውቃትም!» ብል፣

«ሐዘኑ ነው የሚያስቀባጥረው፤ ያዙት» ተባለ።

«ፈረንጅ ናት እኮ!»

«አዎ ልጄ፣ ቀይ ቆንጆ ነበረች።»

በዚህ መሃል ጋሽ ንጋቱ ደረሱ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀመጡና እትዬ ዘነበችን በሹክሹክታ ማን እንደሞተ ጠየቁ።

«ሚስቱ ናት። ጣቷ ላይ ቀለበቱን አያዩትም?»

ሰናይት አመለጠችኝ ብዬ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ጋሽ ንጋቱ ሲያዩኝ ቆይተው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«አግብተህ እንደነበር የነገረኝ የለም፤ ከፍቶኛል። ግን ለሚስቱ እንዲህ የሚያለቅስ ወንድ አላየሁም። ልጄን ሰጥቼሃለሁ።»

ልስማቸው ስጠጋ ቀጠሉ፦

«ሠርጉ ግን የሟቿ ሙት ዓመት ሳይወጣ አይታሰብም።»

ሮጬ ለሰናይት ነገርኳት። ሆዷን ይዛ ስቃ ስታበቃ፣ «እውነቱን ለአባቴ ብትነግረው፣ በሐሰት ለቅሶ ያስቀመጠኝ ቀጣፊ ልጄን አያገባም ይላል። ዝም ብለህ ጥቁርህን ልበስ» አለችኝ።

ይኸው ጺሜን አሳድጌ ተቀምጫለሁ፤ ሳያገባ ሚስት የሞተችበት የሰፈሩ ብቸኛ ወንደላጤ።