ሙሴ ጋሊሼ ያልጠረጠሩት ሰዓት

ሰው ሁሉ አጭበርባሪ ነው ብሎ የሚያምን አንድ ሰው የሌለበት ከተማ ካለ፣ ያ ከተማ ገና አልተቆረቆረም ማለት ነው። የእኛዋ ትንሽ የፈረንሳይ ከተማ ቫርሴም የራሷ አላት፤ ክቡር ሙሴ ፕሮስፔር ጋሊሼ፣ የቀድሞ የባቡር ጣቢያ ሹም፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ተሳፋሪው ሁሉ ያለ ቲኬት የገባ እየመሰላቸው የኖሩ ሰው።

ክቡርነታቸው ዳቦ ሲገዙ የራሳቸውን ሚዛን በዘንቢል ይዘው ነው። ዳቦ ሻጯ ማዳም ሲዶኒ አንድ ቀን፣ "ዛሬ እኮ አስበልጬ ነው የሰጠሁዎት" ብትላቸው ዳቦውን ገልብጠው አዩና "ለምን?" አሏት። ሐኪሙ ጤነኛ ነዎት ሲላቸው ሌላ ሐኪም ፍለጋ ሄዱ። አባ ቴኦፊል ስብከት ካሳጠሩ፣ "ይቺስ ለበጎ አይደለችም" ይላሉ፤ ካስረዘሙም ያችኑ ይላሉ። በራቸው ላይ ሦስት መቀርቀሪያ አለ። እንግዳ ሲመጣ የሚያናግሩት በመስኮት ነው።

አዲሱ ክፍለ ዘመን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ ከፓሪስ ወደ ደቡብ የሚሽቀዳደሙት መኪኖች በቫርሴ ያልፋሉ ተባለ። ከተማ ውስጥ መሮጥ ክልክል ነው። መኪናው መግቢያው ላይ ቆሞ ሰዓቱ በወረቀት ይጻፍለታል፤ ከዚያ አንድ ብስክሌተኛ ወረቀቱን ይዞ ፊት ፊት እየመራ፣ ዶሮም ሕፃንም ሳይጨፈለቅ፣ ቀስ አድርጎ ያሳልፈዋል። መውጫው ላይ ሌላ ሰው የራሱን ሰዓት ይጽፍና ወረቀቱን መኪናው ላይ ወደታሰረው የቆርቆሮ ሣጥን ይከተዋል። በመሀል ያለፈው ደቂቃ ከውድድሩ ላይ ይቀነሳል። መግቢያው ላይ ማን ይቁም ሲባል ከተማው በአንድ ድምፅ ጋሊሼን መረጠ፤ ለአንድ ቀን እንኳ ከገበያው ዞር ይሉልናል ብለን ነው። መውጫው ለእኔ ለጋዜጠኛው ደረሰ።

የራሴም ጉዳይ ነበረኝ። ታናሽ ወንድሜ ኤሎዋ በሃያ ሦስት ቁጥር መኪና ላይ መካኒክ ሆኖ ከሾፌሩ ጎን ይቀመጣል። መኪናቸው ከሦስተኛ ካልወረደ በሚቀጥለው ዓመት መሪውን ራሱ እንዲይዝ ፋብሪካው ቃል ገብቶለታል። የሞተር ድምፅ የምትጠላው እናታችን እንኳ ሻማ አብርታለታለች።

ደንቡ በውድድሩ ቀን ጠዋት እኔና ጋሊሼ ሰዓታችንን እንድናስተያይ ያዛል። እኔ ሸሸሁ። ከእሳቸው ጋር ሰዓት ማስተያየት ማለት ሰዓቱ ከማን ተገዛ፣ ሻጩስ አሁን የት ነው ያለው የሚል ምርመራ ነው። የእኔን በማዘጋጃ ቤቱ ሰዓት ሞላሁ። እሳቸው ማዘጋጃ ቤቱን ስለማያምኑ ወደ ጣቢያ ሄደው፣ እጃቸው እንደለመደው፣ በሐዲዱ በኩል ባለው ሰዓት ሞሉ። በጣቢያዎቻችን የውጭው ሰዓት ልክ ነው፤ የሐዲዱ ግን የዘገየ ተሳፋሪ ባቡር እንዳያመልጠው ሆን ተብሎ አምስት ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። ይህን ከጋሊሼ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት የበሉትም የተኙትም በዚያ ሰዓት ነው።

መኪኖቹ መምጣት ጀመሩ። ብስክሌተኛው የመግቢያውን ወሬ እየሳቀ ያመጣልኝ ነበር። ጋሊሼ አንዱን ሾፌር መነጽርህን አውልቅ ብለውታል።

"አባባ፣ ከፓሪስ ጀምሮ አቧራ ስቅም ነው የመጣሁት፤ ይልቀቁኝ።"

"አባባ ያልከኝ ምን ፈልገህ ነው?"

የመጀመሪያው ወረቀት እጄ ሲገባ ገረመኝ። ከተማውን ለማቋረጥ አሥራ ሁለት ደቂቃ በቂ ነው፤ በወረቀቱ ግን አሥራ ሰባት ሆኗል። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ለሁሉም እኩል ስለሆነ ማንንም አይጎዳም፣ ደግሞስ ማን ከእሳቸው ጋር ይጨቃጨቃል ብዬ ተውኩት።

ሃያ ሦስት ቁጥር አለፈ። ኤሎዋ ከጥርሱ በቀር አቧራ ሆኖ እጁን አወዛወዘልኝ። ወዲያው የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ስድስት ሰዓት ደወለ። ቀጥሎ የመጣው ሠላሳ አንድ ቁጥር ነው፤ በወረቀቱ ላይ አሥራ ሁለት ደቂቃ። ከዚያ በኋላ የመጡትም ሁሉ አሥራ ሁለት።

ብስክሌተኛው እንደነገረኝ፣ ለካ ደወሉ ሲሰማ ክቡርነታቸው መጀመሪያ አባ ቴኦፊልን ጠርጥረዋል፤ "ምሳ ቸኩለው ነው" ብለው። ቀጥለው ማዘጋጃ ቤቱን። የሚጠረጠር ሰው ሲያልቅባቸው የራሳቸውን ሰዓት አወጡና አምስት ደቂቃ ወደ ፊት ገፉት። ስለዚህ ከደወሉ በፊት ያለፉት ሁሉ አምስት ደቂቃ በስጦታ አግኝተዋል፤ የመጨረሻው ስጦታ ተቀባይ ወንድሜ ነው። ይህን ቆሜ አሰላሁና ምላሴን ዋጥኩ።

ረቡዕ ውጤቱ በጋዜጣ ወጣ። ሃያ ሦስት ቁጥር ሦስተኛ፤ ሠላሳ አንድ ቁጥር በሁለት ደቂቃ ተበልጦ አራተኛ። እናታችን ዶሮ ጠበሰች። እኔ አልበላልህ አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ጋሊሼ ቢሮዬ መጡ። ወንበሩን ነቅነቅ አድርገው አዩና ተቀመጡ።

"ፊርማን፣ አንድ አጭበርባሪ ይዣለሁ።"

"ማንን?"

"ጋሊሼን።"

ለውድድሩ ኮሚቴ የጻፉትን ደብዳቤ ዘረጉልኝ። ጎረቤት ሲከሱ በሚጽፉበት አጻጻፍ ራሳቸውን ከስሰዋል፤ "ጋሊሼ የተባለው ግለሰብ" ይላል። መጨረሻው ላይ "የመውጫው ሰዓት ጠባቂ ሙሴ ፊርማን ከዚህ ነገር ንጹሕ መሆኑን በክብሬ አረጋግጣለሁ" ብለዋል።

"ወንድምህ እንደሚጎዳ አውቃለሁ" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ያን ዕለት ለምን አልተናገሩም?"

"ስህተቴን ፊርማን አይቶ ወረቀቶቹን አስተካክሏል ብዬ ነዋ። ትናንት ጋዜጣው የየከተማውን ደቂቃ ሲያወጣ ነው እንዳልተስተካከለ ያወቅሁት። መቼም አላየኸውም።"

እኚህ ሰው በዕድሜያቸው ያመኑት አንድ ሰው ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

"አይቼዋለሁ፤ ከመጀመሪያው መኪና ጀምሮ" አልኳቸው።

እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሰረዝኩና ከስማቸው ሥር ስሜን ጻፍኩ። ሃያ ሦስት ቁጥር አራተኛ ሆነ፤ መሪውን ሌላ ሰው ያዘው። ኤሎዋ እስከ ገና አላናገረኝም።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ ክቡርነታቸው ፊቴ ይገተራሉ። "ሰዓትህን አውጣ።" አወጣለሁ። ጆሯቸው ላይ ያስጠጉታል፤ ከራሳቸው ጋር ያስተያዩታል፤ ልክ ሆኖ ሲያገኙት "ይቺስ ለበጎ አይደለችም" ብለው ይመልሱልኛል። ሰው ይስቅብኛል። እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቅዳሜ ማታ ሰዓቴን ወልውዬ ነው የምተኛው።

ያለፈው እሁድ ቀሩ። ብርድ መቷቸዋል አሉኝ። ቤታቸው ሄጄ አንኳኳሁ።

"ማነው?"

"ፊርማን ነኝ።"

"ምን ፈልገህ ነው?"

"ሰዓቴን እንዲያዩልኝ ነው።"

ወደ መስኮቱ ዞሬ ጠበቅኩ። መስኮቱ አልተከፈተም። ከበሩ በስተጀርባ አንደኛው መቀርቀሪያ ሲሳብ ሰማሁ፤ ከዚያ ሁለተኛው፤ ከዚያ፣ ከብዙ ማሰብ በኋላ፣ ሦስተኛው።