ዜጎችን ያስረጀው ፀጉር አስተካካይ

የሰው ልጅ አንገቱ ቀጥ ብሎ በመፈጠሩ ለብዙ ዘመን ሲንገላታ መኖሩ የታወቀ ነው። ቀና ብሎ ደመና አየ፤ ዘወር ብሎ የጎረቤቱን አዲስ ሚስት አየ፤ ያየው ሁሉ ነገር እያመጣበት እንቅልፍ አጥቶ ኖረ። ከዚህ ሁሉ ጣጣ ያወጣችው፣ ዕድሜ ይስጣትና፣ የእጅ ስልክ ናት። አንገቱን ደፋ አድርጋ ዓይኑን መዳፉ ላይ ተከለችለት። እንቅልፉን ግን አልመለሰችለትም፤ የቀረችውንም ይዛበት ሄደች። ምን ይደረግ፣ ሥልጣኔ በነፃ አይገኝም።

በዚህ ረገድ ይህ ታሪክ የሆነባት ከተማ ከማንም አታንስም ነበር። ሰዉ ሁሉ አንገቱን ከመድፋቱ የተነሣ ዘመድ ዘመዱን የሚለየው በማጅራቱ ሆነ። መንገድ ላይ ሰላምታ የሚሰጠው ለጫማ ነው። ከመብራት ምሰሶ ጋር የሚላተመው በዝቶ የግንባር እብጠት እንደ ቆብ የተለመደ በሆነ ጊዜ፣ የከተማው አስተዳደር ጉዳዩን በጥልቀት ገምግሞ ለምሰሶዎቹ ፍራሽ አለበሰላቸው። ሪባን ተቆርጦ ተመረቀ። እቤቱ ፍራሽ ላይ የሚተኛው ሰው ዓይኑን ሳይከድን ነበር የሚያነጋው፤ ቢሆንም ቅድሚያ ለምሰሶ።

ይህ ሁሉ ዕድገት አንድ ሰው ብቻ ጎዳ። እሱም ፀጉር አስተካካዩ ነው።

ሱቁ ከአትክልት ገበያው ጥግ ላይ ናት። ቆዳቸው የተሰነጣጠቀ ወንበሮች፣ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የሞላ የአባቱ መስታወት፣ መቀስ፣ ቶንዶስ፣ ምላጭ፤ ያለው ይኸው ነው። ከዚህች ሱቅ በቀር መተዳደሪያ የለውም፤ ከመቀስ በቀርም ሙያ የለውም። ሚስቱ እንደምትመሰክርለት፣ ምስማር መታሁ ሲል የሚመታው አውራ ጣቱን ነው። እሷ ፀጉር እየጠረገች፣ ፎጣ እያጠበች አብራው ትውላለች። ምላሷ ከባሏ ምላጭ ይበልጥ ይቆርጣል፤ ያም ሆኖ ለምላጩ እንጂ ለምላሷ የሥራ ፈቃድ አልተጠየቀም።

ችግሩ እንዲህ ነው። ደንበኛው ገብቶ ይቀመጣል፤ አንገቱን ስልኩ ላይ ይደፋል። ፀጉር አስተካካዩ በትህትና ቀና እንዲልለት ይለምነዋል። ደንበኛው እሺ ይላል፤ እሺ እያለ የበለጠ ይደፋል። እንዲህ ሆኖ በከተማው ያለ ወንድ ሁሉ ማጅራቱ እንደ እንቁላል ተጠርጎ፣ ፊቱ ግን እንደ ጫካ ሆነ። ከኋላ ያየው ሙሽራ ይለዋል፤ ከፊት ያየው ሽፍታ። አቤቱታ ተከማቸና የፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ማስጠንቀቂያ ላኩ። ሱቁ «ከአንገት በታች ያለውን ጺም በተመለከተ የተሟላ አገልግሎት» ካልሰጠ ይታሸጋል። ጺም ከአንገት በላይ መሆኑን ለኃላፊው የነገራቸው አልነበረም፤ እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ስለኖሩ የቱ ከየቱ በላይ እንደሆነ ከጠፋባቸው ቆይቷል።

ፀጉር አስተካካዩ ሲጨነቅ ሰነበተና አንድ ቀን ጎረቤቱ ጋራዥ ገብቶ፣ መካኒኮች መኪና ሥር የሚተኙባትን ባለጎማ ሳንቃ ተውሶ መጣ። በጀርባው ተኛባት፤ እየተንሸራተተ ከደንበኛው ጉልበት መሃል ገባ፤ ከሥር ሳሙና ቀብቶ መላጨት ጀመረ። ሳሙናው ዓይኑ ውስጥ፣ ፀጉሩ አፉ ውስጥ ይንጠባጠባል።

ሚስቱ መጥረጊያዋን ተደግፋ አየችው።

«አንተ ሰውዬ፣ እሱ ሥር ገብተህ ምን ትሠራለህ?»

«ሙያ ነው።»

«ከገባህ አይቀር ዘይትም ቀይርለት።»

ቧልት ትበለው እንጂ ሥራው ሠመረ። ቀና በል የማይባልበት ሱቅ ተገኘ ተብሎ ወረፋው እስከ ቲማቲም ተራው ደረሰ። ኃላፊው ራሳቸው ተገኝተው፣ ስልካቸው ላይ የተጻፈውን እያነበቡ ንግግር አደረጉ። ደንበኛን አንገትህን አቅና ማለት የኋላቀር አስተሳሰብ መሆኑን፣ ይህ ሱቅ ግን ከደንበኛው በታች በመሆን ከፍ ያለ ደረጃ ላይ መድረሱን፣ ተሞክሮውም በየዘርፉ መስፋት እንዳለበት ገለጹ። በመሃል ከባለቤታቸው መልእክት ገባና እሱንም ሳያቋርጡ አነበቡት፤ «ስለዚህም ስትመጣ ሽንኩርት እንዳትረሳ።» ጭብጨባው ገበያውን አናጋው። በማግስቱ በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ «ሽንኩርት አንረሳም» የሚል መፈክር ተሰቀለ።

ፀጉር አስተካካዩ ጀርባው ቢጎብጥም፣ ዓይኑ በሳሙና ቢቀላም፣ ሱቁ ተረፈችለት ብሎ እፎይ አለ። እፎይታው ግን መብራት እስኪጠፋ ድረስ ነበር።

መብራቱ ሲጠፋ ኔትወርኩም ተከትሎ ጠፋ፤ ቀስ በቀስም ስልኮቹ ሁሉ ሞቱ። ኃላፊው ያን ጊዜ ከወንበሮቹ በአንዱ ላይ ተቀምጠው እየተላጩ ነበር። ስልካቸውን ነካ፣ ነካ አደረጉት። ምንም የለም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሚስቲቱ እስከ ዛሬ ስታወራው ታማትባለች፤ የኃላፊው አንገት እንደ ዛገ በር ሲጢጥ እያለ ተነሣ። ፊት ለፊታቸው መስታወቱ አለ። መስታወቱ ውስጥ ዓይኑ ሥር የከረጢት ያህል የተንዘረጠጠ፣ አገጩ ሥር ሌላ አገጭ ያበቀለ፣ ትከሻው የወረደ ሽማግሌ ተቀምጧል።

«ይሄ ሽማግሌ ማነው?» አሉ ኃላፊው። «ያለ ወረፋ ነው እንዴ የገባው?»

አጠገባቸው የነበረው የመጋዘን ጠባቂም ቀና አለ። እሱ ደግሞ ያየው ሟች አባቱን ነው። ደንግጦ ከወንበሩ ተነሣና ይቀመጡ አባዬ ብሎ ቦታ ለቀቀ።

ለካ እነዚህ የተከበሩ ሰዎች ራሳቸውን ያዩ የነበረው በስልካቸው ብቻ ነው። ስልኳ ደግሞ ጨዋ ናት፤ መጨማደዱን ትተኩሳለች፣ ዓይን ታጎላለች፣ ጉንጭ ላይ ትንሽ ቀይ ጣል ታደርጋለች። ኃላፊው ጡረታቸው ደጃቸው ድረስ መጥቶ እያንኳኳ፣ እሳቸው ራሳቸውን የሚያውቁት ከንፈሩ እንደ እንጆሪ የቀላ ጎረምሳ አድርገው ነበር።

«ምን አደረግኸኝ?» አሉት ፀጉር አስተካካዩን፣ ወደ ታች ወደ ሳንቃው እያዩ። «ስገባ ወጣት ነበርኩ።»

«ጌታዬ፣ ሲገቡም እንዲሁ ነበሩ።»

«እና በምላጭህ ነው ያስረጀኸን?» አለ የመጋዘን ጠባቂው፤ የገዛ ድምፁም እንደ አባቱ ድምፅ ሆኖ ተሰማውና አለቀሰ።

ጉዳዩ ሳይውል ሳያድር አጣሪ ኮሚቴ ፊት ቀረበ። ኮሚቴው ገለልተኛ ነበር፤ ሰብሳቢውም ከሳሹም ምስክሩም ኃላፊው መሆናቸው ሥራውን አቀላጠፈው እንጂ አላዛባውም። ክሱ «ዜጎችን ያለ ፈቃዳቸው ማስረጀት» የሚል ነው። ፀጉር አስተካካዩ ተነሥቶ ቆመ፤ የሱቁ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ በላብ ረጥቧል። ቁልፉን ካስረከበ ነገ ምን ይዞ እንደሚወጣ አያውቅም።

የከተማው ሐኪም በባለሙያነት ተጠሩ። ተጎጂዎቹን በሙሉ እንደመረመሩ ተናገሩ። አንገታቸው ተቆልምሟል፤ ጀርባቸው ጎብጧል፤ ዓይናቸው ካለመጨፈን ብዛት እንደ ደረቀ ኩሬ ሆኗል፤ እንቅልፍ የላቸውም፤ ሲጠሯቸው አይሰሙም፤ ስልካቸውን የቀሟቸው እንደሆነ እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

«እንግዲህ ይህን ሁሉ ያመጣባቸው፣» አሉ ሐኪሙ፣ «ሁሉንም የሚያገናኛቸው አንድ ነገር አለ።»

ፀጉር አስተካካዩ ነፍሱ መለስ አለች። ሚስቱም ከኋላ ሆና፣ ተመስገን፣ የተማረ ሰው ተገኘ ብላ አጉረመረመች። በዚህ መሃል መብራቱም ኔትወርኩም ተመልሶ ኖሮ፣ አጠገባቸው ግድግዳው ላይ ተሰክታ የነበረችው የሐኪሙ ስልክ ነዘረች። ነቀሏት፤ አንገታቸውን ደፉ፤ ፈገግ አሉ፤ ቆዩ። ሸንጎው ጠበቃቸው።

«የት ደርሼ ነበር?» አሉ በመጨረሻ። «አዎ። ሁሉም የተላጩት እሱ ጋ ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ መከላከያ ይኖረው እንደሆነ ተጠየቀ። ስልክ ውስጥ የሚያዩት ፊት የነሱ አለመሆኑን በለሆሳስ አስረዳ። ኃላፊው ተቆጡ።

«የገዛ ፊቴን ከኔ በላይ ታውቀዋለህ?»

«ጌታዬ፣ የማየው እኮ እኔ ብቻ ነኝ።»

ይህ አነጋገር እንደ ድፍረት ተቆጥሮ ቅጣቱ ከበደ። በአጭር ጊዜ ውስጥ ተጎጂዎቹን ወደ ቀድሞ ወጣትነታቸው ካልመለሰ ሱቁ ለዘለዓለም ይዘጋል ተባለ።

እቤት ሲገቡ እህል አልወርድ አለው። ሚስቱ እንዲህ አለችው፦ «ያስረጃቸው መስታወቱ ነው። አውጥተህ ጣለውና በቦታው ስልክ ስቀልላቸው። ምን ቸገረህ፣ የሚፈልጉት እሱን ነው።» ሽሙጧን ነበር። ባሏ ግን ብድግ ብሎ ግንባሯን ሳማት፤ ከተጋቡ ወዲህ ንግግሯን በቁም ነገር ሲወስድላት ያን ዕለት የመጀመሪያው ነው።

የአባቱ መስታወት ተነቅሎ ወጣ። በቦታው ግድግዳ የሚያህል ስክሪን ተሰቀለ፤ እሱን የሚያዝዙበት አዲስ ስልክም ለፀጉር አስተካካዩ ተገዛለት። ደንበኛው ገብቶ ሲቀመጥ ስክሪኑ ላይ እንደ ጨረቃ የሚያበራ ልጅ ብቅ ይላል። አንገት መድፋት እንኳ አያስፈልግም ነበር፤ ቢሆንም ከልማድ ይደፉና ስክሪኑን በስልካቸው ቀርጸው ያዩታል። ኃላፊው ገብተው የቀድሞ ከንፈራቸውን ባዩ ጊዜ ዕንባቸው መጣ። «ተመለስኩ» አሉ።

ፀጉር አስተካካዩ ብዙም ሳይቆይ አንድ ታላቅ ነገር አስተዋለ። ስልኩ ላይ አንዷን ነገር ነካ ሲያደርጋት ስክሪኑ ላይ ያለው ጺም ይጠፋል። ሌላዋን ሲነካት ፀጉር ያጥራል። ታዲያ ሳንቃ ላይ መተኛት፣ ሳሙና መዋጥ ለምን? ምላጩን አስቀመጠ። ደንበኞቹ ተቀመጡ፣ ነካ አደረገላቸው፣ ተላጩ፣ ከነጺማቸው አመስግነው ሄዱ። ጺሙ ደረት ላይ፣ ከደረት እምብርት ላይ ደረሰ። ፀጉራቸው ስልካቸው ላይ እየወደቀ ሲጋርድባቸው በጆሮ ማዳመጫ ገመድ ወደ ኋላ ያስሩታል። ፈቃዱ በክብር ታደሰ። እንዲያውም የጤና ጽሕፈት ቤቱ ሱቁን ሲያሞግስ፣ ሥራውን ከጀመረ ወዲህ በምላጭ የተቆረጠ አንድም ዜጋ አለመኖሩን ገለጸ።

ደስተኛ ያልሆነችው ሚስቲቱ ብቻ ናት። የምትጠርገው ፀጉር አጣች። ባዶ ወለል እየጠረገች ባሏን ቀና ብላ ታየዋለች፤ የምታየው ግን አናቱን ነው። ስትጠራው እ ይላል። ምሳ ስታቀርብለት ያመሰግናታል፤ ምሳው ያለበትን ግን በእጁ እየዳበሰ ነው የሚያገኘው።

አንድ ቀን የጭነት መኪና ሾፌር ገባ። መንገደኛ ነው፤ ስልኩ ድልድይ ላይ አምልጣው ወንዝ ገብታለች፣ እና አንገቱ ቀጥ ብሎ ቀርቷል። ፀጉሩን እንዲቆርጡለትና ጺሙን እንዲላጩለት ጠየቀ። ይህን የመሰለ ደንበኛ ፀጉር አስተካካዩ ስንት ዘመን በስለት የለመነው ነው። ቀና ሳይል ጣቱን አነሣና አንዴ ጠብቀኝ አለው።

ሾፌሩ ጠበቀ። ከስክሪኑ ላይ ፊቱ ጭርት የለሽ፣ ቅንድቡ የተቀነደበ ጎረምሳ አፍጥጦበታል።

«እትዬ፣» አላት ሚስቲቱን፣ «ይሄ ልጅ የማነው?»

«እሱን ተወው። ሥራ ፈት ነው፤ እዚሁ ነው የሚውለው።»

ከዚያ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። መሳቢያውን ከፍታ መቀሱን አወጣች፤ ዝገቱን በዘይት ጠረገችው፤ ፎጣውን ሾፌሩ አንገት ላይ አሠረች። ቀና በል አለችው፤ ቀና አለ። ዙር በል አለችው፤ ዞረ። መቀሱ ቀጭ ቀጭ እያለ ፀጉሩ ወለሉ ላይ ይወርድ ጀመር። ሲያልቅ ከፊቱ ቆማ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መረመረችው።

«እንዴት ሆንኩ?» አላት።

«ጆሮህ ትልልቅ ነው። አፍንጫህን ሰው ሰብሮልሃል። ዕድሜህም ሄዷል። ጭንቅላትህ ግን አሁን የሰው ጭንቅላት ሆነ።»

ሾፌሩ ከልቡ ሳቀ። እንዲህ ብሎ ያየው ሰው ካገኘ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ዋጋውን መዳፏ ላይ አስቀምጦ፣ ጆሮውን እየዳበሰ ወጣ።

ፀጉር አስተካካዩ ይህ ሁሉ ሲሆን ከወንበሩ አልተነሣም። ሆኖም ሙያ ሙያ ነውና የመቀሱ ድምፅ ጆሮው ገብቶ ኖሯል። ፊቱ በደስታ ፈካ፤ አንገቱን ግን እንደደፋ ነው።

«አንቺ፣» አላት፣ «ይሄ መቀስ መቀስ የሚል አፕ ደስ ሲል። ለኔም ላኪልኝ።»