እጀታ የሌለው ራዲዮ ቴፕ

አንድ ሰው አንድን ዕቃ አምርሮ ሲያጣጥል ከሰማችሁ አትመኑት! ያ ሰው ዕቃውን ቤቱ ውስጥ የት እንደሚያስቀምጠው ወስኖ ጨርሷል። ጠረጴዛው ተወልውሎ፣ ዳንቴሉም ተነጥፎ እየጠበቀ ነው። «አንቺ ከየት አወቅሽው?» አትበሉኝ... ዳንቴሉን የሠራሁት እኔ ነኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ስንኖር። አንድ ሰኞ ጠዋት የቀበሌያችን ኅብረት ሱቅ በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ስኳር መጣ ብዬ እየሮጥኩ ሄድኩ። ስኳር አይደለም። ጥቁርና ነጭ ሥዕል ነው፤ ከሥሩ በእጅ ተጽፎበታል፦ «አንድ አዲስ ራዲዮ ቴፕ ስለደረሰን ፈላጊዎች እስከ ዓርብ ተመዝገቡ። በዕጣ ይሰጣል።»

አንድ! ለዚያ ሁሉ አባወራ አንድ! ዕቃው ራሱ በካርቶን እንደታሸገ መጋዘን ተቀምጧል። እኛ የምናየው ሥዕሉን ብቻ ነው።

ለዘፈን የጓጓሁ እንዳይመስላችሁ። እናቴ የምትኖረው ነጆ ነው፤ ልጆቿ ሁላችንም አዮ ነው የምንላት። አዮ ማንበብ አትችልም። ደብዳቤዬን የሚያነብላት ጎረቤቷ ኦቦ ቶላ ነው። ኦቦ ቶላ ደግሞ የተጻፈውን ብቻ ማንበብ ንፉግነት ይመስለዋል! አንድ ጊዜ «ባለቤቴን ጉንፋን ይዞት ነበር፣ አሁን ደኅና ነው» ብዬ ጻፍኩ። ደብዳቤው በደረሰ ማግስት አዮ ዓይኗ አባብጦ፣ ጥቁር ነጠላ ለብሳ ከአውቶቡስ ወረደች። ባሌ ራሱ በሩን ከፍቶ «አዮ፣ አከም ጅርታ?» ሲላት እዚያው ደፉ ላይ ዝርፍጥ አለች። ለቅሶ የመጣች ሴት፣ ሟቹ ሰላምታ ሲሰጣት ምን ታድርግ?

ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ምኞት ነበረኝ፤ ድምፄ በኦቦ ቶላ አፍ ሳያልፍ አዮ ጆሮ እንዲገባ። እሷ ሰፈር ካሴት የሚያጫውት ቤት አለ። እኔ ዘንድ የጎደለው መቅጃው ብቻ ነው።

ስለዚህ ተንኮል አሰብኩ። ተመዝጋቢው ባነሰ ቁጥር ዕጣው ወደ እኔ ይቀርባል፤ አይደል? እዚያው ሥዕሉ ፊት ቆሜ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«ውይ! እጀታ እንኳ የለውም!»

ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ አዴ ጫልቱ አንገቷን አስግጋ አየች። «ማሎ! እውነትሽን ነው አዴ ዲንቄ። በምን ሊያነሡት ነው? እንደ አራስ ልጅ ታቅፈው?»

ከኅብረት ሱቁ ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ጉራጌው ሸምሱ ሚዛኑን ትቶ መጣ። «እጀታው ይቅር፤ የባትሪ ድንጋዩ የት ሊገባ ነው? ይሄ በመብራት ብቻ የሚሠራ ነው።»

«መብራት የጠፋ ቀንስ?» አለች ጫልቱ።

«የጠፋ ቀን አቧራውን ትጠርጊለታለሻ!»

የመዘምራኑ መሪ ኦቦ ፍቃዱ መነጽሩን ከፍ ዝቅ አድርጎ መረመረ። «ድምፅ ማጉያው አንድ ነው። መዘምራኑ ግራና ቀኝ ቆመው ይዘምራሉ፤ ይሄ ግማሾቹን ሊያስቀርብን ነው?»

እኔም ለማሳረጊያ ቀይዋን የመቅጃ ቁልፍ በዓይኔ ፈለግሁ። የለችም! ልቤ ድንግጥ አለ፤ ግን ለተንኮሌ ተመቸኝና «መቅጃም የለው!» ብዬ ጨመርኩበት። እናንተ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ አሁን ገብቷችኋል... ዝም በሉ፤ እኔም እደርስበታለሁ።

እስከ ረቡዕ ወሬው ገበያ ደረሰ። ሰዓት የለውም ተባለ። ሽፋኑ ስስ ነው ተባለ። አንዱ «የውጭ አገር ጣቢያ የሚስበው አጭር ሞገድም የለው» ሲል ግን ሁላችንም ሰማይ ሰማዩን አየን። አጭር ሞገድ ለምን እንዳስፈለገን የጠየቀ አልነበረም፤ ልንመልስም አልቸኮልንም።

ሐሙስ ስብሰባ ተጠራን። የኅብረት ሱቁ ሊቀ መንበር ጓድ ገለታ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጓዶች! ሰፊው ሕዝብ በራዲዮ ቴፑ ላይ ብርቱ ቅሬታ እንዳለው ሰምተናል። በዝርዝር ይነገር!»

አሁን ዝም ብል ፈልጌው እንደነበር ይታወቅብኛል። ተነሥቼ እጀታውን ተናገርኩ። ሸምሱ ድንጋዩን፣ ኦቦ ፍቃዱ ድምፅ ማጉያውን። ጫልቱማ ያልነበረውን ሁሉ አክላ፣ ራዲዮ ቴፑን ባዶ ሳጥን አድርጋ ተቀመጠች።

«እንግዲያው አልፈልግም የሚል እጁን ያውጣ!»

እኔ ጫልቱን አየሁ። ጫልቱ ሸምሱን አየች። ሸምሱ ኦቦ ፍቃዱን። ከዚያ አዳራሹ ሙሉ እጅ ሆነ! «በሙሉ ድምፅ» ተብሎ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ፤ ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ደስታዬን ግን ብታዩት! ሰው ሁሉ አልፈልግም ካለ፣ ነገ የምመዘገበው እኔ ብቻ ነኛ! ሳቄ እንዳያመልጠኝ ነጠላዬን ነክሼ ወጣሁ።

ዓርብ፣ ሰው ምሳ በሚበላበት ሰዓት፣ የኅብረት ሱቅ ካርዴን ብብቴ ሥር ወሽቄ ተንሸራትቼ ኅብረት ሱቁ ደጃፍ ደረስኩ። ጫልቱ ቆማለች።

«ሳሙና መጥቶ እንደሆን ልጠይቅ ብዬ...» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

«እኔም ለሳሙና ነው!»

ወዲያው ኦቦ ፍቃዱ መጣ። ካርዱ ከመዝሙር ደብተሩ ጫፍ ብቅ ብላለች። «ሳሙና...» አለ ረጋ ብሎ።

በመጨረሻ ሸምሱ እያለከለከ ደረሰ። ሱቁ እስከ ጣሪያው ሳሙና የተደረደረበት ሸምሱ! አየንና፣ «ሳሙና አለ እንዴ?» አይለን መሰላችሁ!

ጓድ ገለታ በሩን ከፍቶ አራታችንን ተራ በተራ አየን። መጀመሪያ የደፈርኩት እኔ ነኝ።

«ያ... ያ የማይረባው ራዲዮ ቴፕ እንዴት ሆነ?»

«ጠዋት በላንድሮቨር ዲጋ ኅብረት ሱቅ ተላከ። በሙሉ ድምፅ አልፈልግም ያለን ሕዝብ ማስገደድ አይቻልም።» ከዚያ ትንሽ ፈገግ አለ። «ለማስረከብ ካርቶኑን ስንከፍተው ግን፣ እጀታው ወደ ኋላ ታጥፎ ኖሯል። የድንጋዩም ቤት በጀርባው ነው። ሥዕሉ ከፊት ለፊት የተነሣ ነዋ! ሁለተኛው ድምፅ ማጉያም ጎኑ ላይ አለ።»

«ቀይዋ ቁልፍስ?» አልኩ፤ ድምፄ እንደ ጫጩት ቀጥኖ።

«አለች እንጂ! አዴ ዲንቄ፣ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ላይ ቀይ ስትፈልጊ ነበር?»

አንድ መጽናኛ ብቻ ቀረልኝ፤ ዲጋ ወደ ነጆ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ራዲዮ ቴፑ እኔን ጥሎ ወደ እናቴ ጉዞ ጀምሯል።

የዲጋው ዕጣ አዴ ሌንሴ ለምትባል ደግ ሴት ወጣላት። ሰው ከመጣ ታስቀዳለች አሉ። እኔም በገበያ ቀን ባዶ ካሴት ይዤ ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ሦስት ሰዎች ተሰልፈው ጠበቁኝ። እነማን እንደሆኑ ልንገራችሁ? ሸምሱ እንኳ የባትሪ ድንጋይ ይዞ ነው የመጣው... «ለስጦታ» ነው አለ። ማናችንም ሳሙና አላነሣንም።

ተራዬ ሲደርስ ቀይዋን ቁልፍ በራሴ ጣት ተጫንኩ። ካሴቱ አንድ ፊቱን እስኪጨርስ ለአዮ አወራሁላት። ስለ ጉንፋን አንድም ቃል አልተነፈስኩም! ካሴቱን በአውቶቡስ ሰደድኩ።

መልሱ በደብዳቤ መጣ፤ ያው በኦቦ ቶላ የተዋበ የእጅ ጽሕፈት። እንዲህ ይላል፦ «ልጄ ዲንቄ፣ ድምፅሽን ሰምቼ አልቅሻለሁ፤ ተመስገን። ነገር ግን ይህ ካሴት ብዙ ነገር ይጎድለዋል። የታመመ ሰው የለበትም። የተጣላ ሰው የለበትም። ልብ የሚያንጠለጥል ቦታ ጨርሶ የለውም። ፊትሽም አይታይበት። ወደፊት እንደ ቀድሞው በደብዳቤ ይሁን፤ ኦቦ ቶላ ሲያነበው እጅግ ያምራል።»

ይህን ያለችው አዮ ትሁን ጸሐፊው፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ብቻ አንድን ነገር እንዲህ አምርሮ ማጣጣል ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ለማን ሊነገር ነው? ማግስቱን ሌላ ባዶ ካሴት ገዝቼ ዲጋ ወረድኩ።