ምጥ ላይ ያለች ፍየልና ረጅም ሰላምታ

(ቡቲዬ፣ ከኬንያዋ ሞያሌ ወጣ ብሎ። የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎቹ ኢዛናና ዋቆ ከቦዳቦዳ ሞተር ወርደው በረት አጥር ሥር በሹክሹክታ ይጨቃጨቃሉ። የባለሱቅ ልጁ ኢዛና «የሰውን ባህል ማክበር፣ የራስን አድልዎ ማወቅ» በሚለው ትምህርት ከክፍሉ አንደኛ ወጥቷል፤ ዛሬ በተግባር ሊያሳይ ቸኩሏል። ዋቆ ቦረና ነው፤ በዚያው ትምህርት ወድቋል። በረቱ ውስጥ ሽርጥ ያሸረጡ፣ በትር በብብታቸው የያዙ ሽማግሌ ምጥ የያዛት ፍየል ደግፈው ቆመዋል።)

ኢዛና፦ አይሆንም አልኩህ! መጀመሪያ ሰላምታ።

ዋቆ፦ የግልገሉ አንድ እግር ወጥቷል እኮ። ሌላው ውስጥ ታጥፏል ማለት ነው።

ኢዛና፦ ቦረና ዘንድ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ጎረቤቱ ሳይጠየቅ ሥራ አይጀመርም።

ዋቆ፦ እኔ ቦረና ነኝ።

ኢዛና፦ ለዚህ ነው የማይታይህ። ውስጡ ስላለህ።

ዋቆ፦ (አሰብ አድርጎ) ሰውዬው ማተብ አስረዋል።

ኢዛና፦ ሰውን በአንገቱ ክር ትፈርጃለህ? አድልዎ ማለት ይኸው ነው!

ዋቆ፦ ፍየሏንም በአማርኛ «አይዞሽ የኔ እናት» ሲሏት ሰማሁ።

ኢዛና፦ የድንበር ፍየል ናት፤ ሁሉንም ቋንቋ ትሰማለች። ሽርጥ፣ በትር፣ ፍየል! ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ? (ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ሲለማመደው በሰነበተው ቦረንኛ «ሰላም ነው? ከብቱ ሰላም ነው?» ለማለት) ነጋ? ሆሪን ነጋ?

ሽማግሌው፦ (ግራ ተጋብተው) ነጋ… ነጋ።

ኢዛና፦ (በሹክሹክታ) አየህ? ልባቸው ተነክቶ ድምፃቸው ተቆራረጠ።

ዋቆ፦ ቃል አጥሯቸው ነው።

(ኢዛና ልቡ ሞልቶ ስለ ዝናቡ ጠየቀ። ሽማግሌው ላብ አጥምቋቸው «ነጋ» አሉ። ስለ ግጦሹ ጠየቀ። «ነጋ»። ወደ ጎረቤት ሊሻገር ሲል ፍየሏ ጮኸች። ዋቆ አጥሩን ዘሎ ገባ፤ እጁን ታጥቦ የታጠፈውን እግር ፈልጎ አቃናና ሳበ። ግልገሏ ዱብ አለች፤ ትንፋሽ የላትም። አፍንጫዋን ጠርጎ ጎኗን በሣር ቢያሻት፣ አስነጠሰች።)

ዋቆ፦ (በአማርኛ) እንኳን ደስ ያለዎት፤ ሴት ናት።

ሽማግሌው፦ ተመስገን መድኃኔዓለም! አማርኛ ትችላለህ እንዴ፣ ልጄ? ታፈሰ እባላለሁ። ከዋልዳ የስደተኞች መጠለያ ዘመን ጀምሮ እዚህ ስኖር ቦረንኛ አልገባ ብሎኝ ቀረ። እባክህ፣ ይህ ጓደኛህ እንዳይቀየመኝ፣ ካለው አንድም አልገባኝም በልልኝ።

ኢዛና፦ (መሬት መሬት እያየ) አባባ… እኔም አማርኛ ነው የምናገረው።

ታፈሰ፦ ታዲያ ምን አስጨነቀን?

ኢዛና፦ (ወደ ዋቆ ዞሮ) አንተ! ስንደናበር ለምን አላስቆምከንም?

ዋቆ፦ አማርኛ ተናጋሪዎች ስትገናኙ በተሰባበረ ቦረንኛ የምትጠያየቁ መስሎኝ ነዋ። ባህላችሁን አከበርኩ።